ዝግ መስኮት፣ ቀዝቃዛ ክፍል

የኔ ደምሴ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ መጀመር ከበደኝ፤ አንተ ባለህበት መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ግን ሰንብተናል። ከተለየኸን ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛውን እየጠበቅን ነው፤ ሰማዩ ግን ገና ነጭ ነው፣ አንዲት ዳመና የለበትም።

ይህን የምጽፍልህ አንተ ቀን ቀን ትተኛበት ከነበረው ክፍል ነው። ነጠላዬን ደርቤ፣ ጋቢህን ከላይ ጣል አድርጌያለሁ። እየበረደኝ ነው። ናዝሬት ላይ፣ በግንቦት፣ በቀትር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ቁጭ ብላ በረደኝ የምትል ሴት ብትሰማ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። አትሳቅ ደምሴ። ፈርቼ ነው የምጽፍልህ። የፈራሁትን ነገር ለዘይነባ እንኳ ሙሉውን አልነገርኳትም። ጽፌ ስጨርስ መቃብርህ ዘንድ መጥቼ በለሆሳስ አነብልህና ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ።

ፊደሉ ከተጣመመ አትፍረድብኝ። ያስተማረኝ የዘይነባ ሱቅ መሆኑን ታውቃለህ፤ ስኳርና ጨው የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ በእጄ እያቃናሁ ነው የለየሁት። አንተም ከመንገድ ስትመለስ መጀመሪያና መጨረሻው የተገነጠለ መጽሐፍ ታመጣልኝ ነበር። መሐሉን ብቻ አንብቤ የቀረውን በሐሳቤ ስጨርሰው «ከጸሐፊው ያንቺ ይሻላል» ትለኝ ነበር። አሁን የምነግርህን ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ፤ መጨረሻውን ግን እኔም አላውቀውም።

መስኮቱን ታስታውሳለህ? አረንጓዴ የቀባኸውን፣ ወደ መንገዱ የሚያየውን። ከአሰብ ጭነህ ስትመጣ ሌሊቱን ነድተህ ጠዋት ትገባና የመስኮቱን መዝጊያ ገጥመህ ትተኛ ነበር። ላብህ ፍራሹን ያበሰብሰዋል፤ ግን ጭላንጭል ካየህ እንቅልፍ አይወስድህም። ጌቱ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መስኮቱ ዝግ ከሆነ ግቢ አይገባም። «ዝግ ከሆነ አባትህ ተኝቷል፤ እለፍ» ብለህ አንዴ ነው የነገርከው፤ ሁለተኛ አላስፈለገውም። ደብተሩን ብብቱ ስር ይዞ፣ ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ሳያይ በቀጥታ ያልፍና ሜዳው ላይ ኳስ ሲጫወት ይቆያል። እኔ መስኮቱን ስከፍት ከሜዳው ሆኖ ያፏጫል። አንተ ካረፍክ በኋላ እንኳ፣ ለአቧራው ብዬ ዘግቼው ካገኘው እግሩ ቀስ ይል ነበር። ሁለት ሦስት እርምጃ አልፎ ሲያበቃ ትዝ ይለውና ይመለሳል።

አሁን ጌቱ እዚህ የለም። አንተ ካረፍክ ከዓመት በኋላ ከዘይነባ ባል ጋር ዓለም ጤና ሽንኩርት ሊጭን ሄዶ ሲመለስ መናኸሪያው ላይ ከመኪና አወረዱት። ብሔራዊ ውትድርና። ብዙ ልጆች ነው የያዙት በዚያን ቀን። እኔ ስደርስ ካሚዮኑ ሄዷል። ሲወስዱት እጁ ላይ የሽንኩርቱ አፈር ነበር አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሁሉም ይህ ነው የማይወጣልኝ። ከማሰልጠኛው ደኅና ነኝ ብሎ ጻፈ። ከሰሜንም አንድ ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝምታው ሲበዛ የእማማ ደረት ከፋ። እናትህ መቼም ታውቃታለህ፣ አመመኝ ማለት አትወድም፤ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና አቧራው ከተማውን ሲሸፍነው ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይሆን ነበር። መስኮቱን ስከፍት አቧራው ያፍናታል፤ ስዘጋው ቆርቆሮው ይጠብሳታል። ሐኪሙ ከአቧራም ከሙቀትም ጠብቋት አለ። ናዝሬት ላይ ከሁለቱም የሚጠብቅ ቤት የት አለ? እህትህ አስናቀች አሰላ ትምጣልኝና ነፋሻ ቦታ ትረፍ ብላ ብትለምን፣ እማማ «ልጄ ከሞተበት ቤት አልወጣም፤ የልጅ ልጄም ሲመጣ እዚሁ ያግኘኝ» ብላ አሻፈረኝ አለች።

ያኔ ነው ያ አሰብ ላይ አየሁት ያልከኝ ነገር ትዝ ያለኝ። የወደቡ ቢሮ በር ሲከፈት ብርድ ፊትህን በጥፊ እንደመታህ፣ ወረቀት ለማስፈረም ገብተህ ላለመውጣት ሌላ ወረቀት ጠፋብኝ እንዳልክ። የዘይነባ የአክስት ልጅ በወንጂ መንገድ ለሚኖር አንድ ጣሊያን መሐንዲስ ወጥ ቤት ነበረች። ሰውየው ኮንትራቱ አልቆ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ከዕቃው መሐል ኤርኮንዲሽን አለ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ሳይሆን ጎማ ያለው፣ ከክፍል ክፍል የሚገፋ። ሸራህንና ትርፍ ጎማዎችህን ለዘይነባ ባል ሸጥኩለት። እንዳትቀየመኝ። ለእናትህ ነው።

ማሽኑ ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ከጀርባው የሰው ጭን የሚያህል የሚለጠጥ ቱቦ አለው። ሙቀቱን በዚያ ወደ ውጭ ይተፋል። ወጥ ቤቷ ሴትዮ ቁልፎቹን በጣቷ እየነካች አሳየችኝ፤ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ስለሆነ እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት። ባለ ጋሪው መንገዱ ጉድባ ነው፣ ከቆመ ይወድቃል ብሎ አጋደመው። ሴትዮዋም «እንግዲያው አቁማችሁ አሳድሩት እንጂ ዛሬ እንዳታበሩት» አለች። አቧራ እንዳይገባበት፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሰው አይቶ ባልቴቷ ቀበጠች እንዳይለኝ፣ ያንተን ነጭ ጋቢ አለበስኩት።

አሁን አስበው ደምሴ። ጋሪ ላይ የተጋደመ፣ ቱቦው ከታች የተዘረጋ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ነገር። ፈረሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እኔ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ፤ አቧራው ዓይኔን አቃጥሎት እንባዬ ይወርዳል፣ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኛለሁ። ከመናኸሪያው እስከ ደጃችን የተቀመጠው ሁሉ እያየኝ ብድግ ይል ነበር። አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ሞኟ በልቤ ሰፈሩ ዛሬ እንዴት አከበረኝ እላለሁ። ደጃችን ስንደርስ ባለ ጋሪውና አንድ ሌላ ሰው በሁለት በኩል ይዘው፣ እንዳይጋጭ እየተጠነቀቁ አስገቡት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በር ስከፍት ግቢው ሴት ሞልቶታል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በማለዳ እንዲያ ሆነው ደጅህ ላይ ከቆሙ ምን ሊነግሩህ እንደመጡ አንተም ታውቃለህ። «ጌቱ!» ብዬ ደፉ ላይ ወደቅኩ። እኔ ስሙን ስጠራ እነሱ የጠረጠሩት እውነት ሆነላቸው፤ ጩኸታቸውን ለቀቁት። እነሱ ሲጮኹ ደግሞ ለእኔ የጠረጠርኩት እውነት ሆነ። እነሱ ከእኔ ሰሙ፣ እኔ ከነሱ ሰማሁ፤ የሞተ ሰው ሳይኖር ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከውጭ ነፋው። እኔ ያን ጥሩምባ ለልጄ ሲነፋ ሰምቻለሁ ደምሴ። ውሸት ነበር፤ ግን ሰምቼዋለሁ፤ ከጆሮዬ አይወጣም።

ያስቆመችን እናትህ ናት። ከውስጥ በዚያች በተቀደደች ትንፋሿ «ማነው የሞተው? እኔ ከሆንኩ ለምን አልተነገረኝም?» አለች። ዘይነባ እንባዋን እየጠረገች ወደ ውስጥ ገባች፤ ሬሳውን ልታይ። ጋቢውን ስትገልጠው ጎማና ቁልፍ ያለው ሳጥን። መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። «እህቴ፣ አላህ ይይልሽ! ለብረት ነው ያስለቀስሽኝ? የሰፈሩን እንባ ጨረስሽው እኮ!» ሴቶቹ ነጠላቸውን እያቃኑ ተሳሳቁ። አንዷ ግን አልሳቀችም። «ዕቃ ከሆነ ታዲያ ለምን ሸፈንሽው?» አለች። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ መልስ ግን አጣሁ። መልስ ማጣቴ ከግቢው ወጥቶ ወደ ቀበሌ እንደሚሄድ ያኔ አላወቅሁም።

ማሽኑ ግን፣ ምነው በሕይወት ኖረህ ባየኸው። የመስኮቱን አንዱን መዝጊያ ገጥሜ፣ በሌላው ቦታ ኮምፔንሳቶ አስቆርጬ በቀዳዳው ቱቦውን ወደ መንገዱ አወጣሁት። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው ኩምቢ አሉት፤ ቤታችንም የኩምቢው ቤት ሆነ። ሳበራው አምፖሉ ትንሽ ደብዘዝ አለ፣ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ከዚያ ብርዱ መጣ። እማማ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። «ይሄ ጣሊያን አሰላን ጠቅልሎ ነው እንዴ ሣጥን ውስጥ የከተታት?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ የጣሊያኑ አሰላ ሆነ። ትንፋሿ ረገበ። ከሆዱ ጠብ የሚለውን ውሃ በባልዲ ተቀብዬ ለፓፓያው አጠጣዋለሁ። ፓፓያው አፍርቷል፤ አንተ መካን ነው ቁረጪው ያልከው ፓፓያ።

አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ቀን አስፈራኝ። ድምፁ። እኔ በጆሮዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንተን መኪና ከአዋሽ በኩል ስትታጠፍ ከሌላው ተሳቢ ሁሉ እለያት ነበር። ጌቱ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ጆሮዬ በሩ ላይ ተሰክቶ ነው የኖረው። ማሽኑ ሲያጉረመርም በሩን አልሰማም፣ መንገዱን አልሰማም። በየመሐሉ አጠፋውና ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። እማማ «ሴትዮ፣ ወይ አሰላን አምጪልኝ ወይ ናዝሬትን ተይልኝ» ትለኛለች።

አንድ ቀን እንዲህ አጥፍቼው ሳለሁ ነው በሩ የተደበደበው። የቀበሌው ሊቀመንበርና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች። ሊቀመንበሩ ሰላምታ አልሰጠኝም። «ዝግ ክፍል ውስጥ ማንን ነው የምታቀዘቅዥው?» አለኝ። አማቴን አልኩ። ጠባቂዎቹ ገቡ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ ኮርኒሱን በጠመንጃ አፈሙዝ ጎሰሙ። ማሽኑንም ዙሪያውን አዩት፤ አንዱ ቱቦው ውስጥ እጁን ከተተ። አንዱ አልጋው ስር ሲያጎነብስ እማማ ቀና አለችና «እዚያ ያለው ፖፖዬ ብቻ ነው። አብዮቱ ከፈለገው ውሰደው፣ ሙሉ ነው» አለችው። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ጭንቅላቱን ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨ። ሊቀመንበሩ «እናቴ፣ ዝም ብለው ይተኙ» አላት። እሷም «አንተን አወቅኩህ። እናትህ ደራ ገበያ እንቁላል ስትሸጥ ከኔ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። በእግዜር ሰላምታ ነበር ያሳደገችህ፤ የት ጣልከው?» አለች። እኔ በዚያች ደቂቃ ምላሷን ባስቆረጥኩት እል ነበር። ሰውየው ግን አፈረ መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ልጅሽ የት ነው?»

ሰሜን ነው አልኩ። እናንተ የላካችሁት ቦታ።

«ከክፍሉ ከጠፋ ወር አልፎታል። ይህን አላውቅም ልትይኝ ነው?»

ደምሴ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ ግን በኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ነገር ያጉረመርም ነበር። እነሱ ሲወጡ ግድግዳውን ተደግፌ እንደቆምኩ ነበርኩ። የት ወደቀ፣ በየትኛው በረሃ፣ ማን ውሃ ሰጠው። እማማ ጠራችኝና እጄን ያዘች። «አንቺ፣ አልቅሰሽ እንዳትጨርሺ። የሚፈልጉት ስላላገኙት ነው። ቢሞት ኖሮ መጥተው አልጋዬ ስር ይጎነበሱ ነበር? አለ። የትም ይሁን፣ አለ።» ከዚያ ሳሏ መጣና ማሽኑን አብሪልኝ አለች።

በማግስቱ ከደጃችን ማዶ፣ ዘይነባ ሱቅ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ተቀመጠ። ካኪ የለበሰ፣ ገለባ ባርኔጣ ያደረገ። ለስላሳ ይዞ ሲጠጣ ዓይኑ ከመስኮታችን አይነሳም። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ሌላ ይተካዋል። ዘይነባ «አንድ ጠርሙስ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ጠርሙሱ ራሱ አፈረ» ትላለች፤ ግን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

ከፍተሻው በኋላ የእማማ ደረት እንደገና ከፋ። አስናቀች ከአሰላ መጣች፤ በዚህኛው ጊዜ እማማ አልተከራከረችም። ስንሸኛት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ፣ ባለ ባርኔጣውም አየ። እማማ ከመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ «እኔ ወደ ዋናዋ መሄዴ ነው፤ የጣሊያኗን ላንቺ ትቼልሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ተወችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። እናትህ ምንም ሳትል ስትቀር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታውቃለህ።

ቤት ገብቼ ማሽኑን አጠፋሁት። የሚቀዘቅዝለት ሰው የለማ። ፀጥታው ጆሮዬን ሞላው። ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሳይቀመጥ እየሮጠች መጣች። «እህቴ፣ በአላህ፣ ያንን ነገር ምን አደረግሽው?» አለችኝ። ባለ ባርኔጣው ኩምቢው ፀጥ ማለቱን ሲያይ ከአግዳሚው ተነስቶ ነበር። አሮጊቷ ሄደች፣ ማሽኑም ቆመ፤ ልጁም ወጥቷል ማለት ነው ብሎ ለቀበሌው ነግሮ፣ ጠባቂዎቹን ሁሉ ይዘው ወደ መናኸሪያው ወርደዋል። ከሚወጣውም፣ ከአዋሽ በኩል ከሚመጣውም አውቶቡስ ወጣት ሁሉ እየወረደ ይፈተሻል አለችኝ።

መናኸሪያው። አንድ ጊዜ ልጄን የሰጠሁት እዚያ ነው።

ጌቱ የት እንዳለ አላውቅም። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ይኑር፣ ሱዳን ይሁን፣ አንድ ገበሬ ቤት ከብት ይጠብቅ፣ ወይም እማማ ተሳስታ ይሁን፣ አላውቅም። ከዓለም ሁሉ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ አለመኖሩን። ይህን ከእኔ በቀር በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በሦስተኛው ማሽኑ አጉረመረመ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባለ ባርኔጣው ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። ቱቦው ፊት ቆሞ መዳፉን ዘረጋ፤ የሚወጣው ትኩስ ነፋስ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ሳቀ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ለስላሳ አዘዘና ለዘይነባ «ገብቷል» አላት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አላጠፋሁትም። ጠዋት አልጋህን አነጥፋለሁ፣ ጋቢህን እደርባለሁ፣ ክፍሉን ዘግቼ አቀዘቅዘዋለሁ። ለምሳዬ ከምሠራው ሁለት ሰሃን አወጣለሁ፤ ሴቶች በአጥር እንዲያዩኝ። ቀን ከሌት የምጠልፈው የቀሚስ ጥልፍ ለመብራቱ ነው የሚሄደው። መብራት ሲቋረጥ ነፍሴ አብራ ትቋረጣለች፤ ግን ያኔ የዘይነባም ማቀዝቀዣ ስለሚቆም ሰውየው ነገሩን አውቆ ከአግዳሚው አይነሳም።

ሰሞኑን ደግሞ ፈተሹኝ። እንደሚመጡ አውቅ ነበር፤ ማወቅ ግን ለጉልበት አይሆንም። ሊቀመንበሩ በሩን ሲበረግደው ብርዱ ፊቱን መታው፤ አንተ አሰብ ላይ እንዳልከኝ። ባዶ ክፍል። የተነጠፈ አልጋ። ከአልጋው ስር ማንም የለም፣ ከኮርኒሱ በላይ ማንም የለም። ጠባቂው ከብርዱ የተነሳ የሸሚዙን ኮሌታ ሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «ይሄ ሁሉ ብርድ ለማን ነው?» አለኝ። ብዙ መልስ አስቤ አዘጋጅቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ለባለቤቴ ነው። ሙቀት አይወድም» የሚል ነው።

ያ ጭንቅላቱ የተጋጨው ልጅ ቆቡን አወለቀ።

«ባለቤትሽ እኮ ሞቷል» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብሎ።

አውቃለሁ አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ እያዞረ ለጠባቂዎቹ ምልክት ሰጠና ወጡ። ተረፍኩ ብዬ ነበር፤ መንገዱ ላይ ለባለ ባርኔጣው «ሴትዮዋ ነክቷታል፤ ለማንኛውም አንተ ከዚህ እንዳትነሳ» ሲለው በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ ሰማሁት። እኔም የምፈልገው ይኸው ነበር። ግን ከሄዱ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ቆየ፤ ከብርዱ አልነበረም። አሁን ሰፈሩ አበደች ይለኛል። ሴቶቹ ሲያገኙኝ ድምፃቸውን ያለሰልሳሉ፣ ልጆቹ ከኩምቢው ርቀው ያልፋሉ። ይበሉ። ነገ ወስደው ሊያስሩኝ ይችላሉ፤ ማሽኑን ሊወርሱት ይችላሉ፤ በየማለዳው በሩ ከመከፈቱ በፊት ይህን አስባለሁ። ግን ዛሬ አንድ ሰው እዚህ አግዳሚ ላይ ሲውል፣ አንድ ሰው ሌላ ቦታ አልዋለም።

የማይተኛልኝን ፍርሃት ግን አሁን ልንገርህ፤ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው። ጌቱ ወደ ቤት ቢመጣስ? ወንድ ልጅ ደክሞት፣ ተርቦ፣ ወዴት ይሄዳል? ወደ እናቱ ነው። ልጄን ላድን ብዬ በገዛ ደጄ ላይ ወጥመድ ዘርግቼለታለሁ። ሊያስጠነቅቅልኝ የምልከው ሰው የለኝም፤ ብልከውስ ወዴት? ሜዳው ላይ ሆኖ ቢያፏጭ እንኳ ማሽኑ እያጉረመረመ አልሰማውም። በጆሮዬ ስጠብቀው ኖሬ፣ የመጣ ዕለት ደንቆሮ ሆኜ ነው የምቆየው።

ስለዚህ ያለኝ አንተ ያስተማርከው ነገር ብቻ ነው። ሌላ የለኝም። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ጦርነት አይቷል፤ ያ ሁሉ ካለፈበት በኋላ የልጅነቱን ትእዛዝ ያስታውስ እንደሆነ አላውቅም። እግሩ ግን የሚያስታውስ ይመስለኛል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እሱ ሳያስብ እግሩ ነበር የሚያስታውሰው። አሁን የምለምንህ ሁለት ሦስት እርምጃ ካለፈ በኋላ ዞር እንዳይል ነው።

እኔም አልረሳህም ደምሴ። ለቀሩት ሟቾች ሰው ተዝካር ያወጣል፤ ለአንተ እኔ በየቀኑ አልጋህን አነጥፋለሁ፣ ክፍልህን አቀዘቅዛለሁ፣ ከመንገድ እንደገባህ አድርጌ ብርሃኑን እከለክልልሃለሁ። መብራት እስካለ፣ እኔም እስካለሁ፣ ይህ አይቀርም። ዝናቡ መጥቶ ሙቀቱ ቢሰበርም አላቆምም።

አሁን ከሰዓት ሆኗል። ነፋሱ ተነስቷል፤ ከተማው በአቧራ ቢጫ ሆኗል። ባለ ባርኔጣው ጠርሙሱን ጭኑ መሐል ይዞ ወደዚህ ያያል። ከአዋሽ የሚመጣው አውቶቡስ በዚህ ሰዓት ነው መናኸሪያው የሚገባው። ከሚወርዱት አንዱ፣ ፂም ያበቀለ፣ ከስቶ የማይታወቅ፣ በኛ መንገድ ቢመጣ ቀና ብሎ ያያል።

መስኮቱ ዝግ ነው። አባቱ ተኝቷል። ይለፍ።